ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለተመለሱት አሥራ አንድ ኮምፒውተሮችና ስለ እኔ ተንኮል

ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
የካ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ አቶ በርናባስ ተክለብርሃን
የአቀበት ሥር እድሮች ኅብረት የመረጃና ቴክኖሎጂ ዘርፍ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ እሑድ ይቅርታ የማልጠይቅ መሆኔን ስለማሳወቅ

የተከበሩ አቶ በርናባስ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ፣ እናቴና ከጠረጴዛዬ ሥር ያለው ሰርቨር፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ ደኅና ነን። ባለፈው ወር ገመዶቹን ለመንቀል ጎንበስ ባሉ ጊዜ ወገብዎን ይዞዎት እንደነበር ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ፤ ገመዶቹ ጤነኞች ስለነበሩ ድካምዎ በከንቱ መቅረቱ ደግሞ ሐዘኔን እጥፍ አድርጎታል።

ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ስለምለጥፈው ከእርስዎ ሌላ የኅብረቱ አባላትም ያነቡታል። ስለዚህ እርስዎ የሚያውቁትን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ብተርከው እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ።

ፈትለወርቅ ወልደ ሐዋርያት እባላለሁ። ከፈረንሳይ ሰፈር እስከ እንጦጦ ወገብ ድረስ ያሉ ሃያ ሦስት እድሮች ተባብረው ባቋቋሙት በዚህ ጽሕፈት ቤት፣ በማኅደር ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱን ዓመት እግሬ ሥር አንድ ጥቁር ሳጥን ሲያንጎራጉር ኖሯል። ሰርቨር የምንለው እርሱ ነው፤ የሚሠራው ሊነክስ በሚባል ሥርዓት ነው። በየክፍሉ ያሉት አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች ደግሞ የሚሠሩት በዊንዶውስ ነው። ሁለቱ በተፈጥሯቸው ቋንቋ ለቋንቋ አይግባቡም፤ ነገር ግን መካከላቸው ሆኖ የሚያስተረጉም ፕሮግራም አለ። በዚያ አስተርጓሚ አማካይነት የአባላቱ መዝገብ፣ የድንኳኑ ተራ፣ የወንበሩና የሳህኑ ዝርዝር «የጋራ» በተባለች አንዲት ማኅደር ውስጥ ተቀምጦ ሁሉም ሠራተኛ ከየጠረጴዛው ይከፍተዋል፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ብቸኛ ፕሪንተርም ለሁሉም ያትማል።

ሳጥኑን ያቆመልን አንድ በጎ ፈቃደኛ መምህር ነበር። ወደ ክፍለ ሀገር ሲዛወር «እትዬ ፈትለ፣ እዚህ ቤት ከእርስዎ ሌላ የተጻፈ ነገር የሚያነብ ሰው አላየሁም» ብሎ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። እኔም እርሱ ቅርጫት ውስጥ ከጣላቸው ገጾች፣ ከኮፒ ቤት ከተረፉ ወረቀቶች፣ አንዳንዴም ከሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበት ከመጣ ብጣሽ ላይ እያነበብኩ፣ ያልገባኝን ደግሜ እየሞከርኩ ተማርኩ። ስለዚህ ባለፈው ስብሰባ ላይ «ሴትዮዋ እኮ ዲፕሎማ እንኳ የላትም» ብለው ለሕዝቡ ማስታወስዎ ፍጹም እውነት ነው፤ ስለ ትክክለኛ መረጃዎ አመሰግናለሁ። በዚህ ጉዳይ ከዘርፍዎ የወጣ ትክክለኛ መረጃ ይህ አንዱ ብቻ ስለሆነ አክብሬ ይዤዋለሁ።

የነገሩ መነሻ ነሐሴ ላይ የደረሰው በደል ነው፤ በደል መሆኑን እኔም አልክድም። ከላይ ከእንጦጦ ሥር ለነበረ ለቅሶ ድንኳን እንዲሄድ የታተመው ወረቀት ሰዓቱን «9:00» ይላል። ኮምፒውተሩ በራሱ አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቱ ነበር። የድንኳን ክፍሉ አቶ ቀጀላ ግን እንደ ሀገሩ ሰው አንብቦ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ አንዲት ደቂቃ ሳያሳልፍ አደረሰ። ሐዘንተኛው ስድስት ሰዓት ሙሉ በነሐሴ ዝናብ ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ግማሽ ገጽ ጽፌ አስገባሁ። የኮምፒውተሮቹን ሰዓት አትንኩ፤ የሚታተመው ቅጽ ብቻ «ጠዋት ሦስት ሰዓት» ብሎ በፊደል እንዲጽፍ አደርጋለሁ፤ ሥራው የአንድ ቀን ነው የሚል ነበር። ወረቀቷን ተቀብለው ጥግ ላይ «ይታያል» ብለው ፈረሙባት። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ከመስኮትዎ አጠገብ ካለው የአበባ ማሰሮ ሥር ተነጥፋ፣ ወደ ቢሮዎ ለሚገባ ሰው ሁሉ ትታያለች።

እርስዎ የመረጡት ግን ከዚህ የላቀ ነገር ነው። መስከረም 10 ቀን ቅዳሜ፣ ከአያት በባቡር እየተመላለሰ የሚያገለግለንን ባለሙያ አቶ ነአምንን አስጠርተው፣ የአሥራ አንዱንም ኮምፒውተሮች ሰዓት በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ፣ ቀናቸውንም ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከአሥር ቀን ወደ ኋላ አስመለሱት። ኮምፒውተሮቹ ራሳቸውን እንዳያስተካክሉም ያ የማስተካከያ ነገር እንዲዘጋ አዘዙ። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በሀገራችን አቆጣጠር ገብተው አለቁ፤ እርስዎም «ከዛሬ ጀምሮ ማሽኖቻችን ከእኛ ጋር ይውላሉ» ብለው ተናገሩ፤ ተጨበጨበልዎ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ይህ አንዱ ጥፋቴ ነው።

ሰኞ ጠዋት «የጋራ»ን የሚከፍት፣ ፕሪንተሩንም የሚያዝ አንድ ኮምፒውተር አልተገኘም።

ምክንያቱ ቀላል ስለሆነ ለአባላቱ ላስረዳ። ሰርቨሩ እንደ ጠንቃቃ ዘበኛ ነው። ለሚመጣው ኮምፒውተር ሁሉ የመግቢያ ወረቀት ይሰጣል፤ ወረቀቱ ላይም ሰዓት ይጻፍበታል። የድሮ ወይም የተሰረቀ ወረቀት ይዞ የሚገባ እንዳይኖር፣ በራሱና በመጪው ሰዓት መካከል ከአምስት ደቂቃ የበለጠ ልዩነት ካየ በሩን አይከፍትም። የሚታገሠው አምስት ደቂቃ ነው። እኛ ሰባት ዓመት ይዘንበት ሄድን።

ይህንንም ደብቆ አልያዘብንም። ከመጀመሪያዋ ሰኞ ጀምሮ በየስክሪኑ ላይ፣ በዚህ ኮምፒውተርና በሰርቨሩ መካከል የሰዓትና የቀን ልዩነት አለ የሚል አንድ መስመር በእንግሊዝኛ እየወጣ ነበር። አንድ መስመር ናት። እርስዎ ግን «እሷን ዝም ብላችሁ ኦኬ በሏት» የሚል መመሪያ ሰጡ፤ እኛም ታዛዦች ስለሆንን ሁለት ወር ሙሉ ኦኬ ስንላት ኖርን።

እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ወራት ለተደረገልን ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ጥፋቱ የገመድ ነው ተብሎ የማኅደር ክፍሉ ግድግዳ በአራት ቦታ ስለተበሳና አዲስ ገመድ ስለተዘረጋልን አመሰግናለሁ። አሮጌው ገመድ ምንም አልነበረበትም፤ አዲሱም ምንም የለበትም። ቀዳዳዎቹን የሚደፍን ሰው ስላልተመደበ ግን ከእንጦጦ የሚወርደው የጥቅምት ንፋስ መንገድ ሳይጠፋበት በቀጥታ ማጅራቴ ላይ ደርሷል።

2ኛ. የኮምፒውተሮቹ መከላከያ ሁሉ እንዲጠፋ፣ ለእያንዳንዱም ሠራተኛ የሁሉም ነገር ሥልጣን እንዲሰጠው፣ የይለፍ ቃሉም በወፍራም እስክሪብቶ ተጽፎ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ቁልፍ አልከፍት ያለው ሰው በሩን ከነመቃኑ ነቅሎ ሲጥል እንደማየት ነው። በሩ ከተነቀለም በኋላ አልገባንም። ድንኳን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ግን ተራውን ሲጠብቅ የይለፍ ቃላችንን እያነበበ ይቆያል፤ አንድ አባት እንዲያውም «ይቺ ሁለተኛዋ ፊደል ምንድን ናት?» ብለው ጠይቀውኛል።

3ኛ. ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ ፍላሽ ስለታደለን። በዚህ ምክንያት የድንኳኑ ተራ በአሥራ አንድ ፍላሽ ላይ አሥራ አንድ ዓይነት ሆነ። ጥቅምት 8 ቀን በአንደኛው ፍላሽ ላይ ያለው ተራ ድንኳን ወደ ፈረንሳይ ሰፈር ላከ፤ በሌላኛው ፍላሽ ላይ ያለው ተራም እንዲሁ ወደዚያው ወደ ፈረንሳይ ሰፈር ላከ። ወደ ላይ፣ ከእንጦጦ ፓርክ አጥር ማዶ፣ ባለቤታቸውን በዚያው ቀን ለቀበሩት ለወይዘሮ ዙሌካ የሚላክ ድንኳን አልቀረም። ወይዘሮ ዙሌካ ለቀስተኛውን ባሕር ዛፍ ሥር ተቀበሉ። አቶ ቀጀላ ጎረቤታቸው ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በጓሮ በኩል ዞሮ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። «በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ እትዬ? ሠላሳ ዓመት ከፍለው አንድ ቀን ፈለጉን፤ በዚያች ቀን ጠፋን» አለኝ። ይህን ከቁጥር አስገብቼ ምስጋና ልለው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ 3ኛው ምስጋና ተሰርዟል።

4ኛ. የኮምፒውተሩ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ነው። የእኛ ሁለተኛ ወር ጥቅምት ደግሞ ሠላሳ ነው። ጥቅምት 1 ቀን መስከረም 31 ብለው ስለነቁ አቶ ነአምን በእጁ አርሟቸው ነበር፤ የወሩን መጨረሻ ግን ያሰበው ሰው የለም። በዚህም የተነሳ ጥቅምት 29 ቀን ቅዳሜ ማለዳ አሥራ አንዱም ኮምፒውተሮች አንድ ላይ ተስማምተው ኅዳር አንድ ሆኑ። በዚያን ቀን ጠዋት ያረፉ አንድ አባላችን፣ በፍላሽ ተወስዶ በኮፒ ቤት በታተመው ወረቀታቸው ላይ የሚያርፉት የፊታችን ሰኞ እንደሆነ ተጻፈ፤ ቤተሰቡም ወረቀቱን አንብቦ መለሰልን። አቶ ቀጀላ «እኔ ሰዓቴንም ቀኔንም ከፀሐይ ነው የማየው፤ ፀሐይን ደግሞ ማንም ሴቲንግ አይገባባትም» ሲል በሐዘን መካከል አሳቀን። ከወዲሁ እንዲያስቡበት ያህል፣ ማሽኖቹ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር እንደማያውቁ ላስታውስዎ። ጳጉሜን ላይ ማንም እንዳይሞት በማስታወቂያ ይነገርልን።

አሁን ወደ ተከሰስኩበት ነገር ልለፍ።

በእኔ ላይ የቀረበው ማስረጃ አንድ ነው። አቶ ነአምን የሰርቨሩንም ሰዓት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሶታል፤ ሰርቨሩም ሦስት ጊዜ ወደ ነበረበት ተመልሷል። እርስዎ ይህን አይተው «ሳጥን በራሱ ሰዓት አይመልስም፤ የሰው እጅ አለበት» ብለው ደመደሙ፤ የሰው እጅ ሲፈለግ ደግሞ ለሳጥኑ የቀረበው የእኔ እጅ ሆነ። እውነቱ ግን ሳጥኑ በራሱ ይመልሳል። በየጊዜው በኢንተርኔት በኩል ትክክለኛውን ሰዓት ይጠይቃል፤ ተሳስቶ ካገኘው ያርማል። የተሠራው እንዲያ እንዲያደርግ ነው። ይህ በዘርፉ ያልተለመደ ጠባይ በመሆኑ ጥርጣሬ መፍጠሩን እረዳለሁ።

በአንድ ነገር ግን ልክ ነበሩ፤ ይህን ሳልመሰክርልዎ ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል። ሰርቨሩም አብሮ ተሳስቶ በስህተቱ ቢጸና ኖሮ፣ አሥራ ሁለቱም በአንድ ስህተት ተስማምተው ያለ ችግር በሩን በተከፋፈቱ ነበር። ችግሩ የመጣው አንዱ ስላልተስማማ ነው። እኔም ከእርሱ ጋር የተደመርኩት በዚህ ይመስለኛል።

የይለፍ ቃል ደብቃለች የሚልም ተነግሯል። መስከረም 13 ቀን በታሸገ ፖስታ አስረክቤ የፈረሙልኝ ወረቀት እጄ ላይ አለ። አቶ ነአምን ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ የመለሰው በዚያ ባልሰጠሁት ይለፍ ቃል መሆኑን ግን እንዴት እንደሚያብራሩት ለማወቅ ጓጉቻለሁ።

ኅዳር 2 ቀን በኮፒ ቤት የታተመ ደብዳቤ ደረሰኝ። ኅዳር 14 ቀን እሑድ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆሜ «በተንኮል አበላሽቻለሁ፤ ይቅር በሉኝ» እንድል ያዝዛል፤ ይህን ባላደርግ ከሥራዬ ብቻ ሳይሆን ከእድሩም ስሜ እንደሚሰረዝ ይገልጻል። ከእድር መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ለሰፈራችን ሰው አላስረዳም። ለእርስዎ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ስሜ በሰፈረበት ደብተር ላይ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። ሁለተኛዋ እናቴ ነች፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። የዚህን ሰፈር ሙታን ለቅሶ ሳትደርስ የቀረችበት ቀን የለም። እኔን ሲሰርዙ በአንድ መስመር እርሷንም ሰርዘዋል፤ ይህን ሳያውቁ ያደረጉት እንዳይመስለኝ፣ በደብዳቤው ላይ «ከነቤተሰቧ» የሚለው ቃል በግልጽ አለ።

ኅዳር 4 ቀን ሐሙስ፣ የኅብረቱን ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ሩታን አስፈቅጄ፣ እርሳቸውና አቶ ቀጀላ ቆመው እያዩ፣ የጸሐፊያችንን የፀዲን ኮምፒውተር ሰዓትና ቀን አስተካከልኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ፀዲ «የጋራ»ን ተጫነች፤ ተከፈተ። «እትዬ! እትዬ፣ ኑ እዩልኝ!» ብላ ስትጮህ ቆሜ ያለሁት አጠገቧ ነበር። ወዲያው ኮሪደሩ ላይ ያለው ፕሪንተር ከሁለት ወር እንቅልፉ ነቃ። ከእርሷ ኮምፒውተር ታዝዘው ሳይታተሙ የተጠራቀሙት ወረቀቶች ሁሉ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ፤ የድንኳን ወረቀት፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የመስቀል በዓል መልካም ምኞት፣ የወንበር ዝርዝር።

ከወጡት መካከል ዘጠኙ ስለ እኔ ነበሩ።

የተከበሩ ሆይ፣ እነዚያ ዘጠኝ ወረቀቶች የእርስዎ የክስ ደብዳቤ ናቸው። ፀዲ እያንዳንዱን በጻፈች ጊዜ ቀኑን በእጇ አስገብታለች፤ ስለዚህ ቅደም ተከተላቸው አልጠፋም። መስከረም 13 ቀን የተጻፈው የመጀመሪያው «ምክንያቱ ባልታወቀ ብልሽት» ይላል። ሁለተኛው «በአሠራር ጉድለት» ይላል። በሦስተኛው ላይ ስሜ ገባ፤ «በቸልተኝነቷ» ሆነ። አምስተኛው «በእልኸኝነቷ» ነው። ሰባተኛው ላይ «ሆን ብላ» የሚል ታከለ። ዘጠነኛው፣ በመጨረሻ በኮፒ ቤት አሳትመው የሰጡኝ፣ «በተንኮል» ብሎ አረፈ።

ፀዲን ነገሩ እንዴት እንዲህ ሊያድግ እንደቻለ ጠየቅኋት። እርሷም እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ ምን ላድርግ እትዬ? ‹ፕሪንት በይው› ይሉኛል፣ እላለሁ። አይወጣም። ኮሪደር ላይ ቆመው ቆመው ይመለሱና ‹እንደገና ጻፊው› ይሉኛል። በተናደዱ ቁጥር አንድ ቃል ይለውጣሉ።»

ዘጠኙንም ጎን ለጎን ዘርግቼ ደጋግሜ አነበብኋቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ ምርመራ አልተደረገም፣ አንድ ሰው አልተጠየቀም፣ አንድ አዲስ ነገር አልተገኘም። ያደገው የእርስዎ ንዴት ብቻ ነው፤ የተናደዱትም ወረቀት በማይተፋ ፕሪንተር ላይ ነው። የኔ ተንኮል በኮሪደር ላይ ከመቆም ብዛት የተወለደ ነው። መስከረም 13 ቀን ምክንያቱ አልታወቀም ብለው በገዛ ቃልዎ ሲጽፉ እውነተኛ ሰው ነበሩ። ፕሪንተሩ በዚያች ቀን ቢሠራ ኖሮ እንደ እውነተኛ ሰው በቀሩ ነበር፤ እኔም ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ።

ሐሙስ ዕለት የሆነውን ወይዘሮ ሩታ ወዲያውኑ ነግረውዎታል። እኔም ከዚህ በኋላ ነገሩ በዝምታ ያልቃል ብዬ አምኜ ነበር፤ ይቅርታም ቢሆን አልጠበቅሁም፣ ሥራው ብቻ ይቀጥል ብዬ ነበር። ዓርብ ጠዋት ግን አቶ ነአምን መጥቶ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ የፀዲን ኮምፒውተር እንደገና ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው። «ምን ላድርግ እትዬ ፈትለ፣ ታዝዤ ነው» አለኝ። የክሱ ደብዳቤም አልተነሳም። ያን ጊዜ ነገሩ የሰዓት እንዳልሆነ ገባኝ። እርስዎ ከሁለት ወር በኋላ ተሳስቼ ነበር ከሚሉ ይልቅ ሁለት ሴቶች ቀባሪ ቢያጡ ይሻላል ብለው ወስነዋል።

ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም አልኩ፤ ፕሪንተሩ ሲሠራ ማንም «ማን ሠራው?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም እንዲጠይቁኝ አልፈለግሁም። ለካ ይነቅዛል። የኔ ዝምታ ውስጥ ገብተው የሚፈልጉትን ቃል ዘጠኝ ጊዜ ጻፉበት።

ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት አሳውቃለሁ። እሑድ እመጣለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም። ያላደረግሁትን አድርጌአለሁ ብል እድሩ ይቀብረኝ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚቀብረኝ ተንኮለኛ ብሎ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቀብር ለጠላቴም አልመኝም። ዘጠኙን ወረቀቶች በየቀናቸው ተራ ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌአቸዋለሁ። ቢገነጠሉ ፀዲ ቃላቱን በልቧ ይዛቸዋለች።

በጉባኤው ፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አንድ ኮምፒውተር ወደ አዳራሹ ይምጣ፤ አዳራሹ ከማኅደር ክፍሉ ጋር አንድ ግድግዳ ስለሚጋራ ገመዱ በራስዎ ቀዳዳዎች በአንዱ በኩል ይደርሳል። ሰዓቱንና ቀኑን እርስዎ ራስዎ፣ በገዛ እጅዎ፣ ሕዝቡ እያየ ያስተካክሉት። እኔ ከመቀመጫዬ አልነሳም፤ እጆቼን በነጠላዬ ውስጥ አድርጌ ከሴቶቹ ጋር እቀመጣለሁ። «የጋራ» ካልተከፈተ፣ መዝገቡ ላይ ስሜን እኔው በእጄ እሰርዘዋለሁ፤ ማንም አይድከም። ከተከፈተ ግን የእኔን ስም የሚነካ ሰው ከሃያ ሦስቱ እድሮች ዳኞች አንዱ ይሁንና ምክንያቱን ቆሞ ይንገረኝ።

ይቅርታ መጠየቅ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነም የሚጠየቅበት ቤት አለ። ከፓርኩ አጥር ማዶ ነው፤ መኪና አይደርስም፣ የመጨረሻውን አቀበት በእግር ነው የሚሄዱት። አቶ ቀጀላ መንገዱን ያሳይዎታል፤ ወይዘሮ ዙሌካ እንግዳ የሚመልሱ ሴት አይደሉም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ያህል እንድናገር ስላበቁኝ፣ ዘጠኝ ጊዜም ስለ እኔ ለመጻፍ ውድ ጊዜዎን ስለሠዉልኝ፣ ጥልቅ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እሑድ በሦስት ሰዓት እስከምንገናኝ፣ በሁላችንም ሰዓት ሦስት ሰዓት ማለቴ ነው፣ ሰላምና ጤና ከእርስዎና ከቤተሰብዎ አይለይ።

አንገቴን በአክብሮት ዝቅ፣ ዓይኔን ግን ቀና አድርጌ፣

ፈትለወርቅ ወልደ ሐዋርያት
የማኅደር ክፍል ሠራተኛ፣ እስከ እሑድ ድረስ የእድሩ አባል፣ ከእሑድም በኋላ

ግልባጭ፦
ለሃያ ሦስቱም እድሮች ዳኞች
ለኅብረቱ ተቆጣጣሪ ለወይዘሮ ሩታ
ለአቶ ነአምን፣ ዓይኑን ቀና አድርጎ እንዲያነበው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለእናቴ ለወይዘሮ የሻሽወርቅ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና የሚከተለውን እንድጨምር አዘዘችኝ፤ ቃሏን እንዳለ አስቀምጫለሁ፦ «ለዚያ ለተክለብርሃን ልጅ ንገሪው። አባቱን አልቅሼ ቀብሬዋለሁ፤ እርሱ እኔን የማይቀብረኝ ከሆነ ግን አልሞትም። ወር በወር እየመጣሁ ከፊት ለፊቱ እቀመጥለታለሁ።» አቶ በርናባስ፣ እናቴ ያለችውን ሳታደርግ የቀረችበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።